«ሽንቴን ፈርቼ ከሰው ሸሸሁ»

የአንባቢ ደብዳቤ

አሰላሙ ዓለይኩም። ኮምቦልቻ የምኖር የ34 ዓመት አስተማሪ ነኝ። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ከ3 ዓመት በፊት ዓይኔ ደብዝዞ፣ ግራ እግሬ ደንዝዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ኤም አር አይ ተነሳሁ። መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ ኤም ኤስ ነው ተባልኩ። መድኃኒት ጀመርኩ። አልሐምዱሊላህ እግሬ ተሻለኝ፣ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ለሚያየኝ ሰው ደህና ነኝ።

ችግሬ ሌላ ነው። ሽንቴ መጣ ካለ መጣ ነው፤ ፋታ አይሰጠኝም። ሽንት ቤት በር ላይ ስደርስ ያመልጠኛል። ሌሊት 4ና 5 ጊዜ እነሳለሁ። ደግሞ ስቀመጥ ቶሎ አይወርድም። ጨረስኩ ብዬ ስነሳ ወዲያው ይመለስብኛል። ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው» ይላሉ። አብሽ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ፋርማሲ ሄጄም 2 ጊዜ ኪኒን ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ትምህርት ባለበት ቀን ጠዋት ውሃ የሚባል በአፌ አይዞርም። ቡና መጠራራቱንም ትቻለሁ። እናቴ ደሴ ሸዋ በር ነች። ዳገቱን በሚኒባስ መውጣት ስለምፈራ ካየኋት ወራት ሆኖኛል። ሰላቴ ራሱ ጥርጣሬ ሆኖብኛል። ባለቤቴ «ሸሸሽኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ እሸሸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ለሐኪሙም አልነገርኩትም። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ዓይኔና ስለ እግሬ ነው፤ ወንድ ስለሆነ አፈርኩ። አንዲት የማውቃት ሴት እናቷ የሚወስዱትን ሽንት የሚይዝ ኪኒን ልስጥሽ ብላኛለች። ልውሰደው? ሥራዬንስ ልልቀቅ?

ስሜን አታውጡብኝ።

መልስ

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ እህትዓለም።

ከኪኒኑ ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። አትውሰጂው። ያቺ ሴት ለክፋት አይደለም ልስጥሽ ያለችሽ፤ ለእናቷ የሠራ ላንቺም የሚሠራ መስሏት ነው። ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ እሷን ሳነብ ነው ልቤ የደነገጠው። «ስቀመጥ ቶሎ አይወርድም፣ ጨረስኩ ብዬ ስነሳ ወዲያው ይመለስብኛል» ብለሻል። ይህ ከሆነ ፊኛሽ ሙሉ በሙሉ እየተራገፈ ላይሆን ይችላል። ሽንት የሚይዘው ኪኒን የሚሠራው የፊኛን ጡንቻ በማላላት ነው። ማራገፍ ያቃተው ፊኛ ላይ ማላያ ሲጨመርበት የሚተርፈው ሽንት ይበዛል። የተረፈ ሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሞልቶም ይፈስሳል። ያን ጊዜ ካሁኑ የባሰ ነው የሚያመልጥሽ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ካወቅሽው እፍረቱ ራሱ ይቀልልሻል። ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። ውስጡ 150 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሲጠራቀም የመጀመሪያው ስሜት ይመጣል። ጤነኛ ሰው እስከ 400ና 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስሜቱ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎል «ቆይ» ይላል ወይም «አሁን» ይላል። «አሁን» ሲል 2 ነገሮች አንድ ላይ መሆን አለባቸው፤ ፊኛው ይጨመቃል፣ መውጫው ላይ ያለው ጡንቻ ይላላል።

ኤም ኤስ ማለት ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ሽፋን፣ ማይሊን የሚባለውን፣ ሲያጠቃ ነው። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ያዘገያል ወይም ያቋርጣል። የፊኛ ነርቮች የሚነሱት ከህብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ከአንጎል እስከ ፊኛ ያለው መልእክት ያን ሁሉ መንገድ መውረድ አለበት። በመንገዱ ላይ አንዲት ጠባሳ ብትኖር ትበቃለች። የእግር መልእክትም በዚያው ስለሚያልፍ ነው እግራቸው የተነካ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፊኛቸውም የሚነካው። ያንቺ እግር ተሻለ፣ ፊኛው ወደኋላ ቀረ። ይህ የሚያጋጥም ነው።

ብቻሽን እንዳይመስልሽ። ከ10 የኤም ኤስ ታማሚዎች 8ቱ ያህል በሕመሙ ዘመን በአንዱ ወቅት የሽንት ችግር ይገጥማቸዋል። ኤም ኤስ በእኛ አካባቢ ስሙ ገና ያልተለመደ ስለሆነ የሚጠይቁሽ ሰዎች ስለ እግር ብቻ ይጠይቁሻል። የሚታየው እግር ነዋ። የፊኛው ችግር ግን እንቅልፍን፣ ሥራን፣ ትዳርን፣ ለቅሶና ሰርግ መሄድን ነው የሚነጥቀው። በደንብ እየተራመደ ከቤት የማይወጣ ታማሚ አለ። ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ኳሊቪን የሚባል መጠይቅ አለ፣ 30 ጥያቄዎች ያሉት። የሚጠይቀው ሽንቱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ፣ ኑሮን ምን ያህል እንደሚገድብ፣ ምን እንደሚያስፈራ፣ በልብ ላይ ምን ስሜት እንደሚያሳድር ነው። ደብዳቤሽን ከዚያ ጋር ሳስተያየው ሳትጠየቂ አራቱንም መልሰሻል። የጻፍሽው ነገር በሕክምና ዓለም ስም ያለው፣ የሚለካና የሚታከም ጉዳይ ነው።

«ብርድ ነው» ስለሚለው ደግሞ። ጎረቤቶችሽ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ ሰው ሲበርደው በርግጥም ሽንቱ ይበዛል። ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በክረምት ማን ነው የማይመላለሰው? ነገር ግን ብርድ ሰውን በር ላይ አያስለቅቅም፣ ተቀምጦም አያስጠብቅም። አብሹ ጉዳት የለውም፤ የነርቭን መንገድ ግን አይጠግንም። የከነከነኝ 2 ጊዜ ከፋርማሲ የገዛሽው ኪኒን ነው። ስሙን አልነገርሽኝም። ብዙ ጊዜ በዚህ ምልክት የሚሸጠው አንቲባዮቲክ ነው። ኢንፌክሽን በሌለበት የተወሰደ አንቲባዮቲክ የሚጠቅመው የለም፤ ጀርሙን መድኃኒት እያስለመደ በተቸገርሽ ቀን ባዶ እጅሽን ያስቀርሻል። ከእንግዲህ ሽንት ሳትመረመሪ አትግዢ።

አሁን የሚያስፈልግሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ አያምም፣ አያሳፍርም። አልትራሳውንድ ነው። ውሃ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ሲመጣብሽ ሽንት ቤት ገብተሽ እንደለመድሽው ትሸኛለሽ። ወዲያው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብትመለሺ ጥሩ ነው፣ አልጋው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ። ከእምብርትሽ በታች ቀዝቀዝ ያለ ጄል ይቀቡሽና መሣሪያውን ያንሸራትቱታል። ስክሪኑ ላይ ፊኛሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስፋቱን ይለኩና ምን ያህል ሚሊ ሊትር እንደቀረ ይነግሩሻል። ከ100 በላይ ከተረፈ ሐኪሙ ማራገፊያ መንገድ ያስባል። እጅግ ትንሽ ከተረፈ ደግሞ የማላያው ኪኒን በር ይከፈታል። በቃ፣ ይቺ አንዲት ቁጥር ናት የሕክምናውን አቅጣጫ የምትለየው። ለእርግዝና የሚያገለግለው ያው አልትራሳውንድ ነው የሚሠራው፤ ስታዘዢ «ከሸናሁ በኋላ የቀረውን ለኩልኝ» በያቸው። ይህን ካላልሻቸው ፊኛውን ሞልቶ ብቻ አይተው ሊሸኙሽ ይችላሉ። አብሮ የሽንት ምርመራና የስኳር ምርመራ ይደረግልሽ፤ ስኳርም ሽንት ያመላልሳልና።

ለሐኪሙ እንዴት ልንገረው ነው ጥያቄው። ለዓመታት በነርስነት ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ። ሴቶቻችን ስለ ሽንት የሚያወሩት ሐኪሙ ካርዱን ዘግቶ፣ እነሱም ተነስተው በሩን ይዘው ነው። «እ… ዶክተር፣ አንድ ነገር…» ይላሉ። ያን ጊዜ ቀጣዩ ታካሚ ገብቷል። አንቺ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ከአፍሽ ካልወጣ በወረቀት ጻፊና ስጪው። «ሽንቴ ያጣድፈኛል፣ ያመልጠኛል፣ ሌሊት 5 ጊዜ ያስነሳኛል፣ ስሸና ደግሞ አልጨርስም» ብትዪ ለማንም የነርቭ ሐኪም ይበቃዋል። ወንድ መሆኑ ካስጨነቀሽ ሴት ነርስ አብራ ትሁን ማለት መብትሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን።

ከቀጠሮው በፊት ለ3 ቀን መዝገብ ያዢ። ትምህርት ከሌለበት ቀን ብትጀምሪ ይቀልሻል። ግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ አንገቱን ቁረጪና በሲሪንጅ ወይም በመድኃኒት መለኪያ እየሞላሽ በየ50 ሚሊ ሊትሩ በማርከር አስምሪበት። በዚያ ላይ ትሸኛለሽ፤ ሰዓቱንና መጠኑን ትጽፊያለሽ። የጠጣሽውንም ጻፊ። ያመለጠሽ ከሆነ አንድ ምልክት አድርጊ። በየጊዜው 80ና 100 ብቻ እየሆነ ከሆነ ፊኛሽ ያለ ጊዜው እየተጨመቀ ሊሆን ይችላል። ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ወሬ ይበልጣል።

ውሃውን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ውሃ ማቆም ያስተዋለ ሰው የሚያደርገው ይመስላል፣ ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ይበልጥ ይቆጣዋል፤ ስለዚህ በትንሹም ያጣድፍሻል። ጀርም ይራባል። ሆድሽ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛን ከኋላ ይጫነዋል። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር ያስፈልግሻል። በአንዴ አትጋቺው፣ በጥቂት በጥቂቱ ጠጪ። ከምኝታሽ 2 ሰዓት ቀደም ብለሽ አቁሚ። ለሆድሽ ተልባ በጥብጠሽ ጠጪ፤ እሱ እንኳ እውነትም ይረዳል። ጫት የሚቅሙ አንባቢዎች ካላችሁም፣ ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ከላዩ የሚጠጣው ሻይና ለስላሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ቡና። እንግዲህ የወሎን ሰው ቡና ተው ማለት ከባድ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌን ሽንት ያበዛል፣ ፊኛንም ያነቃዋል። ሻይና ኮካም እንደዚያው። ግን አንቺ የተውሽው ቡናውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ነው፤ እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው። ሂጂ። አቦሉን ግማሽ ስኒ ቅመሺ፣ ቶናና በረካው ይለፍሽ። ያለ ሻይ ቅጠል የፈላ ጦስኝ ቢቀርብልሽ ማን ይቆጣል? «ሐኪም ከልክሎኛል» ብትዪ እኛ አገር ለዚህ ቃል የማይንበረከክ የለም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ አስቀድመሽ እዪና በር አካባቢ ተቀመጪ።

ለማስተማሩ አንድ የሚመችሽ ነገር አለ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 3 ክፍለ ጊዜ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ፊኛ በሰዓት ይለማመዳል። ስለዚህ ሳይመጣብሽ፣ በየ3ኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ላይ ሂጂ። «አሁን የለኝም» ብለሽ አትለፊው። ሲመጣ ከተጠበቀ ጊዜው ያልፋል። ከ2 ሰዓት በታች ካጣደፈሽ በ1 ሰዓት ተኩል ጀምረሽ ቀስ በቀስ አራዝሚው።

ድንገት ክፍል ውስጥ ሲመጣብሽ ደግሞ አትሩጪ። ሰው የሚያመልጠው ሲሮጥ ነው፤ እግርሽም ስለደከመ ልትወድቂ ትችያለሽ። ቁሚ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጪ። ጋዝ እንደምትይዢ አድርገሽ የታችኛውን ጡንቻ ቶሎ ቶሎ 5ና 6 ጊዜ ጨምቂ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ስሜቱ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ሲወርድ ያን ጊዜ ተራምደሽ ሂጂ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍሽ ልታደርጊው ትችያለሽ፣ ማንም አያይሽም።

ያን ጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ አለ። ጨምቀሽ 5 ሰከንድ ትይዣለሽ፣ 5 ሰከንድ ትለቂያለሽ፣ 10 ጊዜ፤ በቀን 3 ዙር። ውጤቱ እስከ 3 ወር ይወስዳል። 2 ልጅ ወልደሻል፤ ሲያስልሽ ወይም ስትስቂ ጠብ የሚልሽ ከሆነ እሱንም ይረዳዋል። ነገር ግን መውጫሽ በጊዜው አልላላ እያለ ከሆነ ማጥበቁን ብቻ መለማመድ ላይጠቅምሽ ይችላል። ስለዚህ ይህን ከመለኪያው በኋላ፣ ቢቻል ፊዚዮቴራፒስት አሳይቶሽ ጀምሪው። እስከዚያ አንድ ጉዳት የሌለው ነገር አድርጊ፦ ሸንተሽ ስትጨርሺ አትነሺ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዪ፣ ወደፊት ጎንበስ በይና እንደገና ሞክሪ። አታምጪ። የተረፈው ይወርዳል። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ለእግርሽ ከከበደሽ መቀመጫው የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ማድረግ ነው፤ ማንም አናጺ ይሠራልሻል። እግሯ የሚንቀጠቀጥ ሴት ተረጋግታ ካልተቀመጠች ጡንቻዋም አይላላም።

ለሌሊቱ፣ ሽንት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ከሆነ ፖፖ አልጋሽ ሥር አስቀምጪ። ምንም ነውር የለውም። በጨለማ ደረጃ ወርዶ ከመውደቅ ይሻላል። ቁርጭምጭሚትሽ ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እግርሽን ከፍ አድርገሽ አንድ ሰዓት ጋደም በይ። እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ስትተኚ ነው ወደ ኩላሊት የሚመለሰው፤ በቀን ይውጣ። የሌሊቱ እንቅልፍ እንደ ቀላል አይታይ። በኤም ኤስ ላይ ያለው ድካም ራሱ ይበቃል፤ በ5 መነሳት የተቆራረጠ እንቅልፍ ሲጨመርበት ሰው ቀኑን እየጎተተ ነው የሚውለው።

መድኃኒቶቹን በጥቂቱ ልንገርሽ፣ ሐኪሙ ሲጠራቸው እንዳይገርሙሽ። ፊኛን የሚያላሉት ኦክሲቡቲኒን፣ ቶልቴሮዲን፣ ሶሊፈናሲን የሚባሉ ናቸው። አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ዓይንም ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ይህን የምልሽ አንቺ የዓይን ታሪክ ስላለሽ ነው፤ ደብዘዝ ሲልሽ በሽታው ተመለሰ ብለሽ ከመደንገጥሽ በፊት ከኪኒኑ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ሐሳብ የሚበትንባቸውም አሉ። ሚራቤግሮን በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው፣ የደም ግፊት ግን ክትትል ይፈልጋል። እነዚህ ካልሠሩ የሽንት አካላት ሐኪም ፊኛው ግድግዳ ላይ ቦቶክስ የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይወጋል፤ ወራት ይቆያል። ከቦቶክሱ በኋላ ፊኛው ጨርሶ ሊላላ ስለሚችል በካቴተር ማራገፍ ለሚችል ሰው ነው የሚመከረው።

ካቴተር ስል እንዳትደነግጪ። ሆስፒታል ውስጥ ያየሽው ከረጢት የተንጠለጠለበት ቱቦ አይደለም። ቀጭን ቱቦ ነው። ራስሽ አስገብተሽ፣ ፊኛሽን አራግፈሽ፣ አውጥተሽ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒዲስ ይህን ቤት ውስጥ፣ በታጠበ እጅና በንጹሕ ቱቦ ማድረግ እንደሚቻል ጽፎ አሳየ። ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ከጀርም ፈጽሞ ካልጸዳ አይሆንም ይባል ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ አንዷ ኤም ኤስ ያለባት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሲነገራቸው የሚያለቅሱ አሉ። ለምደውት ግን ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ሲጀምሩ ያዩትን ለውጥ እነሱ ይንገሩሽ። ላንቺ ያስፈልግ ይሆናል፣ ላያስፈልግም ይችላል። ቁጥሩ ይወስናል።

ሰላትሽን በተመለከተ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ በሚታወቀው ልናገር። ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ዑዝር (በሃይማኖቱ ተቀባይነት ያለው ምክንያት) ያለበት ነው። የሰላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ መከላከያ ያደርጋል፣ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል። መሐል ላይ ያለ ፈቃዱ ጠብ ቢል ሰላቱ አይበላሽም። ለቀጣዩ ወቅት እንደገና ውዱእ ያደርጋል። ዝርዝሩን አካባቢሽ ያሉትን ኡስታዝ ወይም ሴት ኡስታዛ ጠይቂ፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ጥያቄ ነው፣ አያፍሩብሽም። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ካንቺ ሁኔታ ጋር እንዴት እንደሚሆን ከወሩ በፊት ለሐኪምሽም ለእሳቸውም አማክሪ። ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ።

እናትሽ ዘንድ ሂጂ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስፈራሽ ርቀቱ ሳይሆን ተራ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ የምትጠብቂው ነው። ሞልቶ ሊነሳ ባለው ግቢ። ከመግባትሽ በፊት ሽኚ፣ 2ኛውንም ሙከራ አትርሺ። ሞዴስ ሳይሆን ለሽንት የተሠራውን ፓድ ወይም የአዋቂ ዳይፐር አድርጊ፤ ሞዴስ ለደም ነው የተሠራው፣ ሽንት በአንዴ ሲመጣ አይዝም። ጠቆር ያለ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ቦርሳሽ ውስጥ መለወጫና ፌስታል ያዢ። ይህን ሁሉ ይዘሽ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያመልጥሽ ትደርሻለሽ። ፊኛ ፍርሃትን ያውቃል፣ መከላከያ እንዳለሽ ስታውቂ ራሱ ይረጋጋል።

ባለቤትሽ። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ አሁን እየገመተ ነው። የሰው ግምት ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ነው፤ ምናልባት ሌላ ሰው፣ ምናልባት ጠላችኝ እያለ ይሆናል። ልጆቹ ሲተኙ እንዲህ በዪው፦ «ካንተ አይደለም የሸሸሁት። ሕመሙ ሽንቴን ነክቶብኛል። አልጋ ላይ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው።» ይቺው ትበቃለች። ከዚያ እሱ ይናገር። በፊት ሽኚ፣ ፎጣ አንጥፉ፣ ከዚያ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ብዙ አትጠጪ። ስሜትሽ ራሱ የደነዘዘ ወይም የቀነሰ ከሆነ እሱም ከኤም ኤስ ነው፣ የሚነገር ነገር ነው። ለአልትራሳውንዱ ይዘሽው ሂጂ። ከሐኪም አፍ ሲሰማ በብዙው ይቀልላችኋል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ገና ሳትታከሚ እንዴት ትለቂያለሽ? ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን አንዲት ዓረፍተ ነገር ንገሪ፦ «የነርቭ ሕመም አለብኝ፣ በየ2 ሰዓቱ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ።» ዝርዝሩ አያስፈልጋቸውም። ክፍልሽ ለሽንት ቤቱ ቅርብ እንዲሆን ጠይቂ። የሐኪም ወረቀት አያይዢ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የአካል ጉዳት ላለበት ሠራተኛ ተገቢውን ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። ከባልደረቦችሽ አንዷ የምታምኛት ትኑር፤ ለጥቂት ደቂቃ ክፍልሽን የምትጠብቅልሽ።

አንድ የምሰጋበት ነገር ቀረኝ። ድንገት እግርሽ ቢከብድ ወይም ዓይንሽ ቢደበዝዝ ኤም ኤሱ ተመለሰ ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። በመጀመሪያ ሽንትሽ ይመርመር። ኢንፌክሽን ትኩሳት ያመጣል፣ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የቆዩ ጠባሳዎች ምልክታቸውን መልሰው ያሳያሉ። ኢንፌክሽኑ ሲታከም ምልክቱ ይጠፋል። ላንቺ ቤት ኮምቦልቻ ሙቀቱ ራሱ ይህን ሊያደርግ ይችላል፣ በበጋ ተጠንቀቂ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ጎንሽን ከወጋሽ፣ ሽንትሽ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ጨርሶ አልወርድ ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

አብሽሪ። የተለካውን ቁጥር ይዘሽ ጻፊልኝ፣ የሚቀጥለውን ከዚያ እንነጋገራለን።